በብዕር ለማደር ለሚያስብ ተማሪ

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ምን ለመሆን ታስባላችሁ ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም ነጋዴ ብለን እንመልሳለን። ከመካከላችን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጸሐፊ» የሚል አይጠፋም። ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበትም ምክንያት የታወቀ ነው፤ ወላጅ ይህን ሲሰማ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ በምን ትበላለህ?» ብሎ ነውና። ጥያቄው ተገቢ ነው እንጂ የሚያስቀይም አይደለም። ይህችም አጭር ጽሑፍ የተሰናዳችው ከዚህ ጥያቄ ሳትሸሽ፣ መጻፍ ለሚወድ ጓደኛ የሚረዱ መጻሕፍትን ለማመልከትና ጥቂት ምክር ለመጨመር ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ሳይቀጠር ጽሑፉን ለጋዜጣ፣ ለመጽሔት፣ ለሬዲዮ ወይም ለአሳታሚ እያቀረበ የሚኖር ሰው «ፍሪላንስ» ይባላል፤ ቃሉ በእኛም አገር በጋዜጠኞች ዘንድ ተለምዷል። የስኮትላንዱ ደራሲ ዋልተር ስኮት ኢቫንሆ በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ቃሉን የተጠቀመበት፣ ጦሩን ለከፈለው ጌታ ሁሉ ለሚያከራይ ወታደር ነበር። እንዲህ ያለው ወታደር አዛዥ የለበትም፤ ሥራ በጠፋ ቀን ግን ቀለብ የሚሰፍርለትም የለም። የፍሪላንስ ጸሐፊም ኑሮ ከዚህ ብዙ አይለይም።

እንግዲህ «በምን ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከታወቁት ደራስያኖቻችን ሕይወት እንፈልገው። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያቀረቡት ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ። ከአድማስ ባሻገርን በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም አዲስ አበባ በሚገኘው በእንግሊዝ ኤምባሲ በትርጉም ሥራ አገልግለዋል። በእኛው ወሎ፣ በዋግ የተወለዱት ማሞ ውድነህም ጋዜጠኛ ሲሆኑ የስለላ ታሪኮችን እየተረጐሙ ለብዙ አንባቢ አዳርሰዋል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በልብ ወለድ ብቻ እንጀራውን የጋገረ ሰው አናገኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የያዙት ሥራ ከብዕር የራቀ አልነበረም። ዜና ማዘጋጀት፣ መተርጐም፣ ደብዳቤ ማርቀቅ ሁሉ እጅን ያፍታታል፤ ደመወዙም እስኪደርስ ልብ ወለዱ መሳቢያ ውስጥ መቆየት ይችላል።

ከውጭ አገርም ምሳሌ የፈለገ እንደ ሆነ ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ አለ። በሞስኮ የሕክምና ተማሪ ሳለ ቤተሰቡን ለመደጐም አጫጭር የሚያስቁ ታሪኮችን ለመጽሔቶች ይሸጥ ነበር። ሐኪም ከሆነም በኋላ ብዕሩን አልጣለም። ስለዚህ ለወላጆቻችን ልንሰጠው የምንችለው እውነተኛ መልስ «ትምህርቴን አልተውም፤ ጽሑፉን ግን ጎን ለጎን እይዘዋለሁ» የሚል ይመስለኛል። ይህን መልስ ሰምቶ የሚቈጣ አባት ቢኖር እንኳ ቍጣው ብዙ አይቈይም።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ነው። ልብ ወለድ አውሰኝ የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ መዝገበ ቃላት አውሰኝ የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። የመዝገበ ቃላቶቻችን ታሪክ ራሱ ልብ ወለድ የሚያህል ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ስላረፉ አደራው ለተማሪያቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰና መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታ ደግሞ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንድ መጽሐፍ ሦስት ትውልድ ጠየቀ ማለት ነው። እኛ ግን አንድ ቃል ለመፈለግ አምስት ደቂቃ ይከብደናል!

ከዚህ መጽሐፍ የሚገኘው ጥቅም ትርጉም ብቻ አይደለም፤ የፊደል አጠቃቀምም ጭምር ነው እንጂ። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት ያመለክታል፤ ምሥራቅ የሚለውም ቃል ከዚያ የመጣ ነው። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው «ሰረቀ» ግን የሌባን ሥራ ይናገራል። እንግዲህ ምሥራቅን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ተማሪ የፀሐይ መውጫን የሌባ መውጫ አደረገው ማለት ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙ ጋዜጦች ይህን ልዩነት አይጠብቁም፤ ስለዚህም አይፈርዱብንም። ይሁን እንጂ አንድን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በሦስት ዓይነት ፊደል ጽፎ መላክ የአዘጋጁን ትዕግሥት መፈታተን ነው። ለዕለት ሥራ ቀለል ያለ የፈለገ ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመውን አማርኛ መዝገበ ቃላት ይያዝ።

ሁለተኛው መጽሐፍ የመጣው ከእኛው መንገድ ነው። ከሰንበቴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ከመጀመሩ በፊት ደብረ ሲናን ያገኛል። ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ የዚያ አገር ሰው ናቸው። በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት አደፍርስ የተባለው ልብ ወለድም ታሪኩ የሚፈጸመው በዚያው አካባቢ ነው። የመጽሐፉ ዋጋ ተወደደ የሚል ወቀሳ በተነሣ ጊዜ ደራሲው ተቈጥተው ከአዲስ አበባ አንሥተው በደብረ ሲና ብቻ እንዲሸጥ አደረጉ እየተባለ ይወራል። እንደ ሰንበቴ ባለ የገበያ ከተማ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለው ንግድ አይገባውም፤ ሆኖም የሰውዬውን ኩራት ማድነቁ አይቀርም። እኒሁ ደራሲ በ1977 ዓ.ም. የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስለ አጻጻፍ በአማርኛ ከተዘጋጁት መምሪያዎች ውስጥ በመጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ ጽፈው ያሳተሙ፣ የሚያስተምሩትን ነገር በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸውና።

ከዚህ ሌላ የዘሪሁን አስፋው የሥነጽሑፍ መሠረታውያን ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ተውኔት አሠራር ለማወቅ፣ የፈቃደ አዘዘ የሥነ ቃል መምሪያም ተረትና ዘፈን፣ ምሳሌያዊ አነጋገርም ከሽማግሌ አፍ እንዴት እንደሚሰበሰብ ለመማር ይጠቅማሉ። በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችል ዊልያም ስትራንክ የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1918 እ.ኤ.አ. ለገዛ ተማሪዎቹ ያዘጋጃት ዘ ኤለመንትስ ኦፍ ስታይል የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አለች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ የቀድሞ ተማሪው ኢ. ቢ. ኋይት አስፋፍቶ አሳተማት። የእንግሊዝኛ ሕግ ለአማርኛ ሁሉ አይሠራም፤ ነገር ግን ትርፍ ቃል አስወግድ የሚለው ትእዛዟ በየትኛውም ቋንቋ ያገለግላል። በተለይ እኛ ተማሪዎች ድርሰት ስንጽፍ አንድ ገጽ እስኪሞላ ድረስ አንዱን ሐሳብ ሦስት ጊዜ እየደጋገምን መምህራኖቻችንን እናሰለቻለን።

መምሪያ ያነበበ ሁሉ ጸሐፊ አይሆንም። ስለዚህ ልብ ወለድ ስናነብ እንደ ግንበኛ እንድናነብ እመክራለሁ፤ ግንበኛ ሰው ቤት ሲገባ ግድግዳው እንዴት እንደ ቆመ ሳያይ አይወጣም። አደፍርስን ያነሣ ሰው ገጸ ባሕርያቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ እያንዳንዱም በአነጋገሩ እንዴት እንደሚለይ ይመልከት። ፍቅር እስከ መቃብርን ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርኩት የተቀረጸውን መስማት ይቻላል። ጥሩ አማርኛ ለጆሮም የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የራስንም ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይገባል፤ ምላስ የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ መታረም አለበት።

እስካሁን ያነሣሁት ስለ አማርኛ ነው። ከክፍል ጓደኞቼ ግን ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት፣ ሕልም የሚያዩትም በአፋን ኦሮሞ ነው። እነዚህ ጓደኞች በየትኛው ቋንቋ እንጻፍ ብለው መጨነቅ የለባቸውም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በእናታቸው ቋንቋ በቸሃ ነው፤ እርሱም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታተመ። ከዚያ በኋላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈዋል። አስቴር ጋኖም በዘመኗ ከኦሮሞ ሕዝብ አፍ ተረትና ዘፈን ሰብስባ፣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 እ.ኤ.አ. ምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ የማንበቢያ መጽሐፍ አሳትማለች። በአገራችን በወሎም ዑለማው መንዙማቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ደርሰው በዐረብ ፊደል ያሰፍሩ ነበር። ጋዜጣም ቢሆን አልጠፋም። የአማራ መገናኛ ብዙኃን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በኩርን በአማርኛ ሲያሳትም፣ ለዞናችን አንባቢ ደግሞ ሂርኮ የተባለ የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ አውጥቷል። በሁለት ቋንቋ መጻፍ የሚችል ልጅ ሁለት በር አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መተርጐም ከቻለማ ሦስተኛ በር ተጨመረለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለት ምን እንጻፍ ወደሚለው እደርሳለሁ። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ሩቅ ነው፤ ስለ አዲስ አበባ ፍቅር ወይም በፊልም ስላየው አገር መጻፍ ይወዳል። አዲስ አበባን ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቋት ሞልተዋል። የእኛን አገር ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የሚጽፍላትም ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት የጠፋበትና ቤት የተቃጠለበት ችግር በደረሰ ጊዜ የከተሞቻችን ስም በየዜናው ተጠራ። ከዚያ በፊት ስማችንን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያወቀን በእሳት ነው። ዜናው መነገሩ ተገቢ ነበረ። የሚያሳዝነው ግን ስለ እኛ የሚነገረው ይህ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

እሑድ እሑድ በሰንበቴ የሚቆመውን ገበያ እንመልከት። ከቆላ አፋሩ፣ ከደጋ አማራው፣ ከዚሁ ከቀዬው ኦሮሞውና አርጎባው የሚገናኙበት፣ በማግሥቱ ሰኞ ከሚቆመው ከባቲ ገበያ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራ ገበያ ነው። በክፍል ውስጥ ስለዚህ ገበያ ድርሰት ጻፉ ብንባል አብዛኞቻችን «የሰንበቴ ገበያ በጣም ትልቅና የደመቀ ነው፤ ልዩ ልዩ ሕዝቦችም በፍቅር ይገበያዩበታል» ብለን እንጨርሳለን። ይህ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም የትኛውም ጋዜጣ አይገዛውም፤ አንባቢው ገበያውን አላየበትምና። ጸሐፊ የሚሆን ልጅ እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ጠያቂ ወደ ገበያው ይሂድ። ግመል የነዳው ሰው ከቤቱ የተነሣው በስንት ቀን ነው? ቅዳሜ ሌሊት ያደረው የት ነው? ቋንቋቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎች ዋጋ የሚቆርጡት እንዴት ነው? ደላላው ከማን ስንት ይቀበላል? ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ የአንድ ፍየል ዋጋ ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ? ለምን ተለወጠ? ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲበተን ማን ይጠርገዋል? አንዲት አሮጊት የምትሸጠው ቅቤ ከየት ተነሥቶ የማን ቤት እንደሚደርስ የሚከታተል ተማሪ ለአንድ ሙሉ ገጽ የሚበቃ ነገር ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና ትዕግሥት ነው፤ ሐፍረትንም ማስወገድ ነው። ሽማግሌዎችን «አባባ»፣ «እማማ» ብሎ በትሕትና ለጠየቀ ልጅ በአገራችን የሚከለከል ወሬ እምብዛም የለም፤ እንዲያውም ችግሩ ጨዋታው ሲረዝም መቋጫ ማጣቱ ነው።

የሽማግሌን ጨዋታ መናቅ እንደማይገባ ከመንግሥቱ ለማ እንማር። ተውኔት ጸሐፊና ገጣሚ የነበሩት እኒህ ሰው የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመቅረጸ ድምፅ ቀርጸው፣ አባትየው እንደ ተናገሩት አድርገው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ብለው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ መቅረጸ ድምፅ ብርቅ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን የእጅ ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ መቅረጸ ድምፅ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ስንቶቻችን የአያቶቻችንን ድምፅ ቀርጸናል? የዘፈን መዓት ጭነን እንዞራለን እንጂ።

ከመጠየቅ ቀጥሎ ማጣራት ይመጣል። በዚህ ነገር ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ በእኛ አካባቢ የተሳሳተ ጽሑፍ የሚያስከትለው ጉዳት ከተማሪ ውጤት መቀነስ የበለጠ ነውና። በችግር ቀን «እንዲህ ተባለ» የተባለው ሁሉ ከእግር ይልቅ ይፈጥናል፤ ስልክ ከመጣ ወዲህማ ተራራ የሚያግደው ወሬ የለም። ጸሐፊ ከወሬኛ የሚለየው «ማን አለ? አንተ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ በመጠየቁ ነው። የሞተ፣ የተጎዳ ወይም የተዘረፈ ሰው ቍጥር ከመጻፉ በፊት እርስ በርሳቸው ያልተመካከሩ፣ ከተቻለም ከአንድ ወገን ያልሆኑ ሁለት ምስክሮችን ይፈልግ፤ ካላገኘ ቍጥሩን ይተወው። የአንድን ሰው ጥፋት በሕዝብ ስም አይጻፍ። ጽሑፉንም ከመላኩ በፊት በቋንቋ ወይም በሃይማኖት ለሚለየው ለአንድ የክፍል ጓደኛው ያስነብበው። ጓደኛው «ይህ ቃል እኛን ይነካል» ያለበት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ያስብበት፤ ሁልጊዜ መሰረዝ አለበት ማለቴ አይደለም፤ ምን ብሎ እንደ ጻፈ ግን አውቆት ይጻፍ። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ይህን ዕድል ለማግኘት ሩቅ መንገድ መጓዝ አለበት፤ ለእኛ ግን ጓደኛችን በዚያው ዴስክ ላይ ተቀምጧል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ስለ መላክ ጥቂት ልጨምር። አንድ ጋዜጣ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያወጣ ሳያነቡ ወደዚያ ጋዜጣ መጻፍ፣ በግ ወደማይሸጥበት ተራ በግ ይዞ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አራት አምስት እትም አንብቦ፣ ዓምዱንና የጽሑፉን ርዝመት አይቶ መላክ ይገባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምና አድራሻ ይጻፍ። ቅጂ ሳያስቀሩ አንድም ጽሑፍ አይላክ። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጋዜጣ መስጠት ነውር ነው። ለአንባቢ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ይህን አውቆ መጀመር ነው። ነገር ግን ታትሞ የወጣ ጽሑፍ ተቀድዶ በማኅደር ይቀመጥ፤ ኋላ ክፍያ ያለው ሥራ ሲጠየቅ «እስካሁን ምን ጽፈሃል?» ለሚለው መልሱ እርሱ ነውና።

ስለ መብታችንም ማወቅ ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው የሚሰጠው ለተጻፈው ሥራ እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልጽፍ ነው» እያለ በየሻይ ቤቱ የሚያወራ ሰው ሐሳቡን ሌላ ቢጽፍበት የሚከስስበት ነገር የለውም። መብትን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ በተደረገ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ማሳተም ውል የሚናገር ክፍል አለው። አሳታሚ ያገኘ ጓደኛ በደስታ ብዛት ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተምና ሒሳቡ መቼ እንደሚከፈል በውሉ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። እኛም በበኩላችን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ስንወስድ የወሰድንበትን እንጥቀስ። ከኢንተርኔት ገልብጦ ስሙን ከሥር የሚጽፍ ተማሪ በሰረቀውና በሠረቀው መካከል ያለውን ልዩነት ገና አልተማረም።

ከላይ ከጠቀስኳቸው መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከመደብር ከጠፉ ቈይተዋል። በመጀመሪያ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ የሚመላለስ ዘመድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን እንዲያይልን ማስቸገር ነው። ለልዩ ልዩ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙ ሰው ወመዘክር ብሎ ወደሚያውቀው ቤት ጎራ ይበል። የተማሪ መታወቂያውን ይያዝ፤ ደብተርና እርሳስም አይርሳ፤ እዚያ መጽሐፉ የሚነበበው ተቀምጦ ነውና የሚጠቅመውን እየጻፉ መውጣት ነው።